የአባት ቋጠሮ፦ አንድ የሐዋሳ ፊልም መክፈቻውን እንዴት መልሶ ሠራ

ፊልሙ ሐዋሳ ላይ የተሠራ ሙሉ ርዝመት ያለው ድራማ ነው። ገና ለሕዝብ ስላልቀረበ ስሙንም የሠሪዎቹንም ስም አልጠራም፤ ስለ ሥራው ግን በዝርዝር እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ታሪኩ የሁለት ዓሣ አስጋሪ ወንድማማቾች ነው። አባታቸው ሲሞት አንድ ጀልባና አንድ መረብ ትቶላቸዋል። ታላቁ ዕዳ ሲጠናበት መረቡን ከታናሹ ተደብቆ ይሸጥና «ሌባ ወሰደው» ይላል። ከወራት በኋላ ታናሹ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሞ ሳለ ያው መረብ በሌላ ሰው ጀልባ ውስጥ ተጠቅልሎ ያየዋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለው ሁሉ፣ የወንድማማቾቹ ጠብ፣ የእናታቸው ዝምታ፣ ሽምግልናው ጭምር፣ መረቡን በማወቁ ላይ የቆመ ነው።

እኔ የፖስተርና የታይትል ሥራ ነው የምሠራው። የተጠራሁት ለፖስተሩ ነበር። ኤዲቲንጉ አልቆ፣ መክፈቻውም፣ ማለትም ስሞቹ የሚያልፉበት የፊልሙ መጀመሪያ፣ ሌላ ቦታ ተሠርቶ መጥቷል። ፖስተሩን ለመሥራት ፊልሙን ማየት ነበረብኝና አየሁት። ከዚያ በኋላ ከዳይሬክተሩ ጋር ስለ ፖስተር ሳይሆን ስለ መክፈቻው ስናወራ አመሸን።

የመጀመሪያው መክፈቻ

አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። የፕሮዳክሽኑ ሎጎ ይመጣል፣ ከዚያ የስፖንሰሮች ሎጎ ተራ በተራ፣ ከዚያ ረጅም የምስጋና ጽሑፍ። ቀጥሎ ድሮን ይነሳል፦ ሐይቁ፣ ታቦር ተራራ፣ ገብርኤል አደባባይ፣ እንደገና ሐይቁ። በዚህ ሁሉ ላይ ስሞች በወርቃማ ፊደል እያብረቀረቁ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ስም ሲገባም ሲወጣም የንፋስ ድምፅ አለው። ከድሮኑ በኋላ ከፊልሙ ውስጥ የተለቀሙ ሾቶች ይከተላሉ። ወንድማማቾቹ ተያይዘው ሲወድቁ፣ እናት ስታለቅስ፣ ታላቁ ብር ሲቆጥር። ከላይ ደግሞ ግጥም ያለው የማጀቢያ ዘፈን አለ።

ብር የሚቆጥርበት ሾት በተለይ አንገበገበኝ። ፊልሙ አርባ ደቂቃ ሙሉ ደክሞ የሚደብቀውን ነገር መክፈቻው በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ይናገረዋል። በአእምሮው የሚይዘው ተመልካች ብዙ ላይሆን ይችላል፤ የሚይዘው ግን ፊልሙን ከልቡ የሚያየው ሰው ነው፤ የተጎዳውም እሱ ነው።

ዳይሬክተሩ ፊልሙን ለወዳጆቹና ታሪኩን ጨርሶ ለማያውቁ ሰዎች በአንድ ትንሽ አዳራሽ ሲያሳይ እኔም ነበርኩ። መክፈቻው ላይ ስክሪኑን ትቼ ሰዎቹን አየሁ። ሎጎዎቹ ሲያልፉ ወሬው ቀጠለ። ድሮኑ ሐይቁ ላይ ሲያንዣብብ ጥቂቶች «ውይ ሲያምር» አሉና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ዘግይተው የገቡ ሁለት ሰዎች በጨለማ ወንበር እየፈለጉ «ገና አልጀመረም አይደል?» ሲሉ፣ ከተቀመጡት አንዷ «አልጀመረም፣ ስም ነው» ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ያቺ ልጅ የተናገረችው የመክፈቻውን ችግር በሙሉ ነው። ስም ሲሆን ፊልም አይደለም፤ ፊልም ካልሆነ ደግሞ ማውራት ይቻላል።

ይህ የእኛ አገር ተመልካች ጠባይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ስሞቹ መጋረጃው ሳይከፈት መጋረጃው ላይ የሚያልፉባቸው ሲኒማ ቤቶች ነበሩ፤ ሕዝቡ በዚያ ሰዓት ፈንዲሻውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንጀር «ዘ ማን ዊዝ ዘ ጎልደን አርም» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ መክፈቻውን የሠራለት ሶል ባስ የሚባል የግራፊክ ባለሙያ ነበር። ባስ የሠራው በጣም ቀላል ነገር ነው፦ ጥቁር መደብ ላይ እየገቡ የሚቆራረጡ ነጭ ዘንጎች፣ ከኋላ የጃዝ ሙዚቃ፣ መጨረሻ ላይ ዘንጎቹ ተሰባብሮ ወደ ታች የተዘረጋ ክንድ ይሆናሉ። ታሪኩ የሄሮይን ሱሰኛ ታሪክ ነው። የፊልሙ ጣሳዎች ወደ ሲኒማ ቤቶቹ ሲላኩ ታይትሉ ከመጀመሩ በፊት መጋረጃው እንዲከፈት የሚያዝ ማስታወሻ ተለጥፎባቸው ነበር ይባላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያንን ክንድ ያላየ ሰው ፊልሙን ከመካከል እንደ ጀመረ ይቆጠራል።

ቢቆረጥ ምን ይጎድላል?

በማግስቱ ዳይሬክተሩን፣ ኤዲተሩንና ፕሮዲዩሰሩን አንድ ላይ ይዤ ይህንኑ ጠየቅሁ። መክፈቻውን ከነጭራሹ ብንቆርጠውና ፊልሙ ከመጀመሪያው ትዕይንት ቢጀምር ተመልካቹ ምን ያጣል? ኤዲተሩ ትንሽ አሰበና «ስማችንን» አለ። ሌላ መልስ አልተገኘም።

ፕሮዲዩሰሩ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ድሮኑ እንዲነካ አልፈለጉም። «ሰው ከተማዋን ማየት አለበት። ያንን ድሮን ለማስነሳት የስንቱን ደጅ ጠንቻለሁ!» አሉ። የደከሙበት ነገር ስለሆነ ቅር መሰኘታቸው ተገቢ ነበር፤ ሾቶቹም እውነት ያምራሉ። ጥያቄው ቦታቸው የት ነው የሚለው ነው። ታሪኩን ገና ላልጀመረ ተመልካች ከላይ የታየ ሐይቅ ከሆቴል ማስታወቂያ አይለይም። ዳይሬክተሩ ሾቶቹን ታናሹ ቤቱን ጥሎ ከወጣበት ትዕይንት ጀርባ አስገብቶ አሳያቸው። እዚያ ላይ ከተማዋ ትልቅ ሆና፣ የሚሄድበት የሌለው ልጅ የሆነ ቦታ ውስጧ ጠፍቶ ይሰማል። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስደግመው አዩና «እዚህ ይሻላል» አሉ። የመጀመሪያው ድርድር በዚህ አለቀ።

የቀረው ባዶ ቦታውን ምን ይሙላው የሚለው ነበር። ይህን ለማግኘት ከፊልሙ ውጭ መሄድ አላስፈለገም። እንዲያውም መልሱ ያለው ፊልሙ በደከመበት ቦታ ላይ ነበር።

አሞራ ገደል ላይ ታናሹ መረቡን ሲያይ፣ በመጀመሪያው ኤዲቲንግ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ይሄ የአባባ መረብ ነው። አባባ ግራኝ ስለነበረ ቋጠሮው የተገለበጠ ነው። የሌላ ሰው መረብ ላይ ጫፉ ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው፣ የሱ ወደ ግራ ነው።» ይህን ለገዢው እያስረዳ ሳለ ትዕይንቱ ይሞታል። ልጁ የደነገጠ ሰው ነው፤ የደነገጠ ሰው ትምህርት አይሰጥም። ተመልካቹም ደንቡንና የደንቡን ውጤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚቀበል የራሱ የሆነ ነገር አያገኝም። ልጁ ባየ ጊዜ ተመልካቹም አብሮት እንዲያይ፣ ስለ ቋጠሮው ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ታዲያ መቼ ይወቅ? አንድ ትዕይንት ውስጥ አባትየውን በትዝታ አምጥተን ቋጠሮ ብናሳይ ተመልካቹ ወዲያው «ይህ በኋላ ይፈለጋል» ይላል። ፊልም የለመደ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ያሸታል። መክፈቻው ላይ ግን ተመልካቹ ስም እያነበበ ነው፤ ከስሙ ጎን የሚታየውን እንደ ጌጥ ይወስደዋል፣ ማስረጃ እየተሰጠው መሆኑን አይጠረጥርም። እኔ በመክፈቻ ሥራ ላይ የምወደው ይህንን ነው። ከፊልሙ ሰዓት ውስጥ ተመልካቹ ሳይጠራጠር የሚቀበልባት ጊዜ እሷ ብቻ ናት፤ በሎጎና በብልጭታ ሲሞሏት ያሳዝነኛል።

ይህን መንገድ የሄዱበት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የ«ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» መክፈቻ የስቲቨን ፍራንክፈርት ሥራ ነው። አንዲት ልጅ ለራሷ እያንጎራጎረች ያረጀ ሣጥን ትከፍታለች፤ ካሜራው በጣም ተጠግቶ ብይውን፣ የኪስ ሰዓቱን፣ ትንንሾቹን አሻንጉሊቶች ያያል። ልጅቷ በከለር እርሳስ ወፍ ትሥላለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ትቀደዋለች። እነዚያ ዕቃዎች ከየት እንደመጡ የምናውቀው ፊልሙ ከገፋ በኋላ ነው፤ ስናውቅም ሣጥኑ ውስጥ ቀደም ብለን እጃችንን ያስገባን ያህል ይሰማናል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ሰቨን» የተባለው ፊልም ደግሞ በካይል ኩፐር መክፈቻው የአንድ ሰው እጆች ሲጽፉ፣ ሲቆርጡ፣ ገጽ ሲሰፉ ያሳያል። ያ ሰው፣ ፖሊሶቹ የሚያድኑት ገዳይ፣ ፊቱን የሚያሳየው ፊልሙ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ተመልካቹ ምን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው እንደሚታደን በሥጋው ያውቃል።

ግራና ቀኝ

የተስማማንበት ሐሳብ አጭር ነው። የአንድ ትልቅ ሰው እጅ መረብ ይሰፋል፣ ግራኝ ነው። የአንድ ልጅ እጅ ያያል፣ ይሞክራል፣ ይፈታበታል፣ እንደገና ይሞክራል። ልጁ ቀኝ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ቋጠሮዎች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የአንዱ ጫፍ ወደ ግራ፣ የሌላው ወደ ቀኝ። ፊት አይታይም፣ ማንም አይናገርም።

ሐይቁ ዳር መረብ የሚሰፉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ማታ የተጣለው መረብ ጠዋት ወጥቶ ቆሮሶውና አምባዛው ከተለቀመ በኋላ የተቀደደውን ዓይን መድፈን የዕለት ሥራቸው ነው። እጃቸው የሚያምር፣ ሳያዩ የሚሰፉ አባት አገኘን፤ ልጃቸውም አብሮ መጣ። ግራኝ ግን አልነበሩም። ኤዲተሩ ምስሉን ግራና ቀኙን እንገለብጠዋለን አለ። በቀኝ እጅ የታሰረ ቋጠሮ ሲገለበጥ ልክ ግራኝ ያሰረው ይመስላል፤ የጫፉም አቅጣጫ አብሮ ይዞራል። ቀለበታቸውን አስወለቅናቸው፤ ምስሉ ሲገለበጥ የጋብቻ ቀለበቱ ወደ ማይገባበት እጅ ስለሚሄድ። ሁለቱ ቋጠሮዎች አብረው ለሚታዩባት ሾት መገልበጥ አይሠራም፤ ስለዚህ አባትየው አንዱን ቋጠሮ በዝግታ፣ እየሳቁና እያስተካከሉ፣ በተቃራኒው አሰሩልን። ካሜራው የመጣው አስረው ከጨረሱ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የተገኘው ትርፍ ሌላ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው፣ አሞራ ገደል ላይ የተቀረጸው የመረቡ ቅርብ ሾት በተራ ቋጠሮ የተሠራ መረብ ነበር፤ ታናሹ በንግግር ስለሚያስረዳው ማንም አቅጣጫውን ልብ አላለም። ያንኑ ሾት ስንገለብጠው ቋጠሮው በታሪኩ ያለው የግራኙ አባት ቋጠሮ ሆነ። ዳግም መቅረጽ አላስፈለገም።

የቀረጽነው ጠዋት ነው። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ከከተማው በኩል መጥታ እጆቹ ላይ ታርፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ያው ቦታ ላይ ካሜራው ከውሃው የሚመለሰውን ብልጭታ ይጋፈጣል፤ በብልጭታ ላይ የተጻፈ ነጭ ፊደል አይነበብም። ከመረቡ ሥር ጥቁር ጨርቅ አነጠፍን። ይህም ለፊደሉ ሲባል ነው፦ ፊደል የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ቦታ ካልተዘጋጀለት በኋላ በጥላና በብልጭታ ማዳን አይቻልም።

ስሞቹን የት እናስቀምጥ በሚለው ላይ ከሁሉም ነገር በላይ ተከራከርን፤ ከሁሉም በላይ የረካሁበት ውሳኔም የመጣው እዚያ ነው። የአባትየው እጅ በሚታይባቸው ሾቶች ሁሉ ስሙ በስተግራ፣ ልክ የቋጠሮው ጫፍ በሚያመለክትበት በኩል ይቀመጣል። የልጁ እጅ ሲመጣ ስሙ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ተመልካቹ ስሞቹን ለማንበብ ዓይኑን ያዞራል፤ ዓይኑን ባዞረ ቁጥር የቋጠሮውን አቅጣጫ ይከተላል። አባት ግራ፣ ልጅ ቀኝ። ማንም ሳያስተምረው ዓይኑ ይለምደዋል።

የመታየት ጊዜያቸውም እንዲሁ። እጅ ሲንቀሳቀስ ስም አይታይም፤ እጅ ክሩን ስቦ ሲያርፍ ስም ይገባል። ዓይን ሁለት ነገር አንድ ላይ መከተል አይችልም፤ እንቅስቃሴና ጽሑፍ ሲወዳደሩ እንቅስቃሴው ነው የሚያሸንፈው፤ የተረሳው ስም ደግሞ የአንድ ሰው የዓመት ልፋት ነው። ለቆይታው የምጠቀምበት መለኪያ ስሙን ድምፅ አውጥቶ ሁለት ጊዜ በዝግታ ማንበብ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ፊልም ይህ ብዙውን ጊዜ ከ75 ፍሬም፣ ማለትም ከሦስት ሰከንድ አይርቅም። ስምና የአባት ስም ረዘም ካሉ አራት ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል።

ፊደሉ

የመጀመሪያው መክፈቻ ፊደል የተሠራው ለላቲን ተብሎ በተዘጋጀ ቴምፕሌት ላይ ነው፤ አማርኛው በላዩ ላይ ተጭኖ። እንዲህ ያለው ሥራ የሚበላሽበት ምክንያት ግልጽ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፣ ሴ፣ ስ፣ ሶ የሚለያዩት በእግር ርዝመት፣ በትንሽ ቅጥልና በትንሽ ቀለበት ነው። ወርቃማ ጥልቀትና ብርሃን ሲጨመርበት እነዚያ ትንንሽ ክፍተቶች ይሞላሉ፤ ሲ እና ሴ አንድ ይሆናሉ። የእንግሊዝኛው ትልቅ ፊደል ይህን ይችለዋል፣ ቅርጹ ሰፋፊ ነውና። የእኛ ግን አንድ ፊደል ውስጥ ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል፤ አናባቢው ያለው ደግሞ መጀመሪያ በሚጠፋው ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፊደላቱን ማራራቅ ነው። በውጭ ፊልሞች ላይ ፊደላትን በሰፊው ዘርዝሮ መጻፍ ያምራል፤ ሰዎች አይተው ይወዱታል። አማርኛ ላይ ሲደረግ በፊደላት መካከል ያለው ክፍተት በቃላት መካከል ካለው ጋር ይተካከልና ስምና የአባት ስም ተቀላቅለው የፊደል ሰልፍ ይሆናሉ። ቀደም ሲል ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ስለሚለይ ችግሩ አልነበረም። አሁን ሁለት ነጥብን ስለተውን ፊደላቱን ማቀራረብ፣ በቃላት መካከል ያለውን ደግሞ ማስፋት ግድ ነው።

ለስሞቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት መረጥን፣ ከመካከለኛ ትንሽ ወፈር ባለ ክብደት። ጌጥ የለውም፣ በስልክ ስክሪንም ይነበባል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ፊልሙን መጨረሻ ላይ የሚያየው በስልክ ነው። የስሞቹ ዝርዝር ሲደርሰኝ ከዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ ፊደላትን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበረ አሮጌ ፎንት የተተየበ ስለነበር ኮምፒዩተሬ ላይ የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ተከፈተ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም እንዲህ ያሉ ፋይሎች ዛሬም በየቢሮው አሉ። እንደገና ስንተይብ እያንዳንዱን ሰው ደውለን ስሙን በምን ፊደል እንደሚጽፍ ጠየቅን፦ በኃ ነው በሃ፣ በፀ ነው በጸ፣ በሠ ነው በሰ? ሰው ስሙን የሚጽፍበት ፊደል የራሱ ነው፤ ስክሪን ላይ ሌላ ሆኖ ሲያገኘው ቅር ይለዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን ሊዘለል የማይገባው እሱ ነው።

የፊልሙን ርዕስ በተመለከተ ኤዲተሩ ፊደሉን ከመረብ ክር እንሥራው የሚል ሐሳብ አመጣ። ሞከርነው። ያምር ነበር፤ ግን ዓይንን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፣ ቋጠሮው ይረሳል። አውጥተን ጣልነው። በምትኩ ጀልባዎች ላይ በብሩሽ የሚጽፍ ባለሙያ ርዕሱን በዘይት ቀለም እንጨት ላይ እንዲጽፍልን ጠየቅነው፤ ያንኑ ፎቶ አንስተን አስገባን። የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ የመስመሩ ውፍረት ይለዋወጣል፣ የብሩሹ ፀጉር መጨረሻው ላይ ይታያል። ማንም ሳይነግረው በሁለቱ ቃላት መካከል ሁለት ነጥብ አደረገ፤ አልነካንበትም። ቀለሙ ቀይ ነው። የብራና መጻሕፍታችን ከላይ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ ስበው፣ የመጀመሪያ መስመሮችንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ጽፈው ነው የሚጀምሩት፤ አንባቢው የት መመልከት እንዳለበት ከመክፈቻው ያውቃል። መክፈቻው ውስጥ ሌላ ቀይ ነገር የለም።

የስሞቹ ተራ

ይህ በዲዛይን የሚፈታ አይመስልም፤ ግማሹ ግን ተፈቷል። መረቡን የሚገዛውን ሰው የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ናቸው፤ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ጥቂት ጊዜ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወጣቶች ናቸው፣ ፊልሙን ግን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው መክፈቻ አንጋፋውን ከሁሉ በፊት አስቀምጦ ነበር፤ ተመልካቹ ሙሉ ፊልሙን እሳቸውን ይጠብቃል። ወደ መካከል ቢገቡ ደግሞ ክብራቸው ይነካል። ዳይሬክተሩ ሄዶ ሲያማክራቸው «የትም ይሁን ልጄ፣ ብቻውን ይቁም እንጂ» አሉት። ስለዚህ ከተዋናዮች መጨረሻ፣ «እንዲሁም» ከሚል ቃል ጋር፣ ብቻቸውን፣ ከሌሎቹ ትንሽ በረዘመ ቆይታ ገቡ፤ ልጁ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ካጠበቀ በኋላ ባለችው ጸጥታ ውስጥ። በውጭ ፊልሞችም የአንጋፋ ስም የሚከበርበት ቦታ ይኸው ነው። ሁለቱን ወጣቶች በሀሁ ተራ አስቀመጥን፤ ቅሬታ አልመጣም።

የስፖንሰሮቹ ሎጎ ከመጀመሪያው ምስል በፊት በአንድ ነጭ ገጽ ላይ፣ በእኩል መጠን፣ ያለ ሙዚቃ ሆነ። ረጅሙ ምስጋና ወደ መጨረሻ ሄደ። አንድ ስፖንሰር ተቀይሞ ጋሼ ሄደው አነጋግረውታል።

ዘፈኑ ከባዱ ጉዳይ ነበር። ዘፋኙ ይታወቃል፣ ሰው ወደ ሲኒማ ቤት የሚመጣው በከፊል በዘፈኑ ነው። ነገር ግን በአማርኛ የሚዘፈን ግጥም ከላይ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስም ከታች ሲሆን ጆሮና ዓይን በአንድ ቋንቋ ይሻማሉ። ግጥሙን የሰማ ስሙን አያነብም። ዘፈኑ ከመጨረሻው ትዕይንት በኋላ በሙሉ ርዝመቱ ገባ፤ እዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። መክፈቻው ላይ የቀረው ድምፅ የክሩ መሳብ፣ የእንጨት መርፌው ከጀልባው ጠርዝ ጋር ሲነካካ፣ ከሩቅ የወፎቹ ጩኸት ነው። ቋጠሮ በጠበቀ ቁጥር ክሩ አጭር ድምፅ ያወጣል። ሳውንድ የሠራው ልጅ ያንን ድምፅ አሞራ ገደል ትዕይንት ላይ፣ ታናሹ መረቡን በጣቱ ሲነካ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መልሶ አስገባው።

ሁለተኛው ዕይታ

አዲሱ መክፈቻ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ያንሳል። ፊልሙን ላላዩ ሌሎች ሰዎች አሳየነው። እጆቹ ሲመጡ ወሬው ወዲያው አልቆመም፤ ልጁ ቋጠሮው ሲፈታበት ግን ፊት ወንበር ላይ ያሉ ሴት «አይዞህ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ አዳራሹ ጸጥ አለ። አሞራ ገደል ላይ የመረቡ ቅርብ ሾት ሲመጣ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ከኋላ «የአባቱ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳይሬክተሩ ያን ምሽት የታናሹን የማብራሪያ ንግግር ሙሉ በሙሉ ቆረጠው። አሁን ልጁ መረቡን ይነካል፣ ገዢውን ቀና ብሎ ያየዋል፣ ይሄዳል። የተዋናዩ ትልቁ ትዕይንት ይህ ሆኗል።

ሁለት ነገር ግን አልሠራም። ዘግይተው የገቡት ቋጠሮውን አላዩም፤ ንግግሩ ስለተቆረጠ ደግሞ ልጁ ለምን እንደሄደ አልገባቸውም። ስልክ ላይ ስናየውም የቋጠሮው ጫፍ ቀጭን ስለሆነ ይጠፋል። ሁለተኛውን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች ጎን ለጎን የሚታዩባትን ሾት አቅርበን፣ የክሩንም ጫፍ ረዘም አድርገን እንደገና ቀረጽናት።

የመጀመሪያው ግን የፊልሙን አጀማመር ቀየረ። ሰው ዘግይቶ እንዳይገባ ማድረግ አንችልም፤ ስለዚህ መክፈቻውን እኛ አዘገየነው። ፊልሙ አሁን የሚጀምረው ወንድማማቾቹ ከንጋት በፊት መረባቸውን ሊያወጡ ሲቀዝፉ ባለው ትዕይንት ነው፤ ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ቀላል ጭቅጭቅ፣ ዘግይቶ የገባ ሰው ቢያመልጠው ብዙ የማይጎዳበት። መረቡን ከውሃው መሳብ ሲጀምሩ ወደ አባትየው እጆች እንቆርጣለን። የልጁ እጅ የማን እንደሆነ ተመልካቹ አሁን መገመት ይችላል፤ ፊት ባለማሳየት ያገኘነው ነገር በዚህ ትንሽ ቀንሷል፤ ዳይሬክተሩና እኔ እዚህ ላይ አልተስማማንም። እሱ ግልጽ መሆኑን ይመርጣል። እኔ አሁንም ፊልሙ በእጆቹ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ቋጠሮውን ያላየ ሰው ከሚኖር ይህ ይሻላል ስላለኝ የእሱ ቅደም ተከተል ጸንቷል። የዳይሬክተሩ ስም ከሁሉ በኋላ፣ መረቡ ጀልባው ውስጥ ሲያርፍ ይገባል፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ገበያው። የቀረው የድምፅ ሚክሲንግና የቀለም ሥራ ነው።